ቀለብ ብቻ ሐቅ አይሆንም



ዱባይና አቡዳቢ ለሥራ የሄዱ ልጆቻችን የሚልኳቸውን ቪዲዮዎች ሁላችንም እናያለን። ዶልፊን ከገንዳ ዘሎ ኳስ ይመታል፣ አሰልጣኙ እጁን ሲያነሳ ይሽከረከራል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ከሥር ደግሞ "ማሻአላህ"፣ "ሱብሓነላህ" የሚል አስተያየት ይደረደራል። የአላህን ሥራ አይቶ ሱብሓነላህ ማለት መልካም ነው፤ በዚህ ክርክር የለንም። ግን ቪዲዮውን ያዩ ልጆች አንድ ነገር ይጠይቁናል፦ "ይህን የሚያህል እንስሳ ከባሕር አውጥቶ በገንዳ ማኖር ይፈቀዳል ወይ?" አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ከእኛ ቀድሞ ይመልሳል፦ "ምን ችግር አለው? ምግቡ በሰዓቱ ይቀርብለታል፣ ሐኪም አለው፣ ከእኛ የተሻለ ይኖራል!"

ይህ መልስ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። በብዙዎቻችን ልብ ውስጥ ያለ መልስ ነው። ስለዚህ ዛሬ ረጋ ብለን እንነጋገርበት። አቋማችን ከወዲሁ ይታወቅ፦ እንስሳን የያዘ ሰው ዕዳው ቀለብ ብቻ አይደለም። ቦታም፣ ዕረፍትም፣ ከወገኑ ጋር መኖርም የእንስሳው ሐቅ ነው። ይህን ሐቅ መስጠት የማይችል ሰው ለትርኢት ብሎ ሊይዘው አይገባም። እኛም ገንዘባችንን ከፍለን ልናግዘው አይገባም።

"ባሕር የለንም፤ እኛን ምን አገባን?"

እውነት ነው፣ ማንኩሳ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ባሕርን በስልክ መስኮት ካልሆነ አይተን አናውቅም። ነገር ግን ግዙፍ እንስሳን ይዞ የማሳየት ነገር ለአካባቢያችንም ለአገራችንም እንግዳ አይደለም።

ከውኃ እንስሳት እንጀምር። እኛ የምናውቀው ግዙፍ የውኃ እንስሳ ጉማሬ ነው። ጣና ላይ አለ፣ ዓባይ ላይ አለ። አባቶቻችን ከቆዳው አለንጋ ይሠሩ ስለነበር አለንጋው ራሱ "ጉማሬ" ተብሎ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ1849 ከእኛው ዓባይ ጋር ካርቱም ላይ ከሚገናኘው ከነጭ ዓባይ አንድ የጉማሬ ግልገል ተይዞ በካይሮ በኩል ወደ እንግሊዝ አገር ተላከ። ስሙንም በተያዘበት ደሴት "ኦባይሽ" አሉት። በ1850 ለንደን ሲደርስ ሕዝቡ ለማየት ተጋፋ፣ ወሬው ከተማውን ሞላው። ኦባይሽ እስከ 1878 ድረስ እዚያው ኖሮ እዚያው ሞተ። እንግዲህ የአባይ ወንዝን እንስሳ ወስዶ ለቲኬት ማሳየት ከተጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ደግሞ አዲስ አበባ የሄደ ሰው ስድስት ኪሎ ያለውን አንበሳ ግቢ ያውቀዋል። በ1940 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 1948) በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተቋቋመ ነው። ሲጀመር የገቡት ሰባት አንበሶች ነበሩ፤ አምስት ወንድና ሁለት ሴት። በዱር ያለ አንበሳ የሚንቀሳቀስበት ክልል በአሥሮች፣ አንዳንዴም በመቶዎች በሚቆጠር ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይለካል። በግቢው ግን ትውልድ በትውልድ ላይ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ተወልዶ በብረት ፍርግርግ ውስጥ አለቀ። ከዚያም ልብ የሚያደማ ነገር መጣ። እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ፣ ቦታና ገንዘብ ስላነሰ የሚወለዱትን ግልገሎች በመርዝ ገድሎ ሬሳቸውን ገለባ ሞልተው ለጌጥ ለሚሸጡ ሰዎች እንደሚሸጥ የግቢው ኃላፊ ለውጭ ዜና ሰዎች ሲናገሩ ዓለም ሰማ። አንበሳ በሰንደቅ ዓላማዋ ላይ በነበረ አገር፣ በብሯ ላይ በታተመ አገር!

እዚህ ላይ ጥበቃዎቹን ወይም ሠራተኞቹን ለመውቀስ አይደለም። ከእነሱ መካከል ለአንበሶቹ ከደመወዛቸው በላይ የደከሙ ሰዎች እንደሚኖሩ አንጠራጠርም። ነገሩን ያነሳነው አንድ ቁም ነገር ስለሚያስተምር ነው። ግልገሎቹን የገደላቸው ጭካኔ ብቻ አይደለም፤ ቀድሞ ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው። እንስሳውን ሲያስገቡ "ነገ ሲወልድ የት እናደርገዋለን?" ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ዲናችን ምን ይላል?

እኛ ሙፍቲ አይደለንም፣ ፈትዋም አንሰጥም። ከዑለማዎች የተማርነውን እናካፍላለን። በመጀመሪያ ሐቁን እንናገር፦ እንስሳን መያዝ በመሠረቱ ሐራም አይደለም። የአነስ ቢን ማሊክ (ረ.ዐ) ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ቤታቸው ሲመጡ ልጁን በፍቅር ስለ ወፉ ይጠይቁት ነበር፤ ወፏ ስትሞትም አዘነ ብለው አጫወቱት። ሐዲሱ ቡኻሪም ሙስሊምም ዘንድ አለ። ኢብኑ ሐጀር (ረሒመሁላህ) ከዚህ ሐዲስ ከሚወሰዱ ትምህርቶች ውስጥ ወፍን በቤት ማኖር እንደሚፈቀድ ጠቅሰዋል። ስለዚህ "ማንኛውም የታሰረ እንስሳ ሐራም ነው" የሚል ሰው ቸኩሏል።

በሌላ በኩል ግን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው የድመቷ ሐዲስ አለ። አንዲት ሴት ድመት አሰረች፤ አላበላቻትም፣ ወጥታ የምድር ነፍሳትን እንድትበላም አልለቀቀቻትም፤ በዚህ ምክንያት ለእሳት ተዳረገች። ብዙ ሰው ከዚህ ሐዲስ የሚይዘው "አላበላቻትም" የሚለውን ብቻ ነው። ነገር ግን ጥፋቱ ሁለት ፊት አለው። ራሷን ችላ የምትኖረውን ፍጡር ከኑሮዋ ከለከለቻት፤ የከለከለቻትን ደግሞ አልተካችላትም። ያሰረ ሰው የከለከለውን ሁሉ የመተካት ዕዳ አለበት ማለት ነው። ድመት ስታስር የምትከለክላት አይጥና ነፍሳት ነው፤ እሱን በወተትና በሥጋ መተካት ይቻላል። በውቅያኖስ የሚኖረውን እንስሳ ስታስር ግን የምትከለክለው ውቅያኖሱን ነው። እሱን በምን ትተካለህ?

ይህን እኛ ዛሬ የፈጠርነው ሐሳብ እንዳይመስላችሁ። "ሱልጧኑል ዑለማእ" እየተባሉ የሚጠሩት፣ በ660 ዓመተ ሒጅራ የሞቱት ታላቁ የሻፊዒይ ዓሊም ዒዙዲን ኢብኑ ዐብዲሰላም "ቀዋዒዱል አሕካም" በተሰኘው ኪታባቸው እንስሳ በሰው ላይ ያለውን ሐቅ ዘርዝረዋል። አርጅቶ ወይም ታሞ ጥቅም ባይሰጥ እንኳ መቀለብ አለበት ይላሉ። ከአቅሙ በላይ አይጫንም። ከሚወጋው ወይም ከሚጎዳው ጋር፣ የራሱ ዘርም ይሁን የሌላ፣ አብሮ አይታጎርም። ማደሪያውና ውኃ መጠጫው ይመቻችለታል። በመራቢያው ወቅት ወንዱና ሴቷ ይገናኛሉ። ልጆቹ በፊቱ አይታረዱም። ከሰባት መቶ ዓመት በፊት አንድ ዓሊም ከቀለብ ባሻገር ስለ ማደሪያ፣ ስለ ጎረቤትና ስለ ልጆቹ ጽፈዋል! ዛሬ ፈረንጅ "የእንስሳት ደኅንነት" ብሎ ሲነግረን አዲስ ነገር ይመስለናል።

ሌላም አለ። በአቡ ዳውድ ዘገባ ሶሓቦች በመንገድ ላይ ሳሉ የአንዲት ወፍ ጫጩቶች ወሰዱ። እናቲቱ መጥታ ክንፏን እያርገበገበች ዞረች። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲያዩ በልጆቿ ያስጨነቃት ማን እንደሆነ ጠይቀው ጫጩቶቹ እንዲመለሱላት አዘዙ። ይህችን ሐዲስ ያዟት፤ ወደ ባሕሩ ስንወርድ ትጠቅመናለች።

ገበሬው ያውቀዋል

የገጠር ዘመዶቻችን ይህን ጉዳይ ከኪታብ ሳይሆን ከኑሮ ያውቁታል። በወምበርማም በጃቢ ጠህናንም ያለ ገበሬ በሬውን በረት አስሮ ጭድ ስለሞላለት ብቻ "በሬዬን ያዝሁት" አይልም። መስክ ያወጣዋል፣ ወንዝ ያወርደዋል፣ ቀንበሩን ሲያወርድለት ያሳርፈዋል፣ ተዋጊውን ከደካማው ይለያል። ጥጃዋ የራቀባት ላም እምቧ እያለች ስታድር የቤቱ ሰው ሁሉ እንቅልፍ ያጣል። ፈረስ ቀኑን ሙሉ በአጭር ገመድ ታስሮ ከዋለ እንደሚበላሽ ባለጋሪ ሁሉ ያውቃል።

በሬና ፈረስ ደግሞ ከሰው ጋር ለሺህ ዓመታት የኖሩ፣ አላህ ለእኛ የገራቸው እንስሳት ናቸው። በቁርኣን ውስጥም ለሰው የተገሩ መሆናቸው ተደጋግሞ ተነግሯል። ለተገራው እንስሳ እንኳ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ከሆነ፣ ላልተገራው፣ ከወላጆቹ ተነጥቆ ለመጣው የባሕር ፍጡር ጥንቃቄው ምን ያህል መሆን አለበት?

የሎሊታ ታሪክ

ኦርካ የሚባለውን እንስሳ በፊልም ያያችሁት ትኖራላችሁ። ጥቁርና ነጭ፣ ከዶልፊን ወገን የሆነ ግዙፍ ፍጡር ነው። ዓሣ ቢመስልም ዓሣ አይደለም፤ ልጁን ያጠባል፣ አየር ለመሳብ ወደ ላይ ይወጣል። ቤተሰቡን አይለይም፤ በአንዳንድ መንጋዎች ልጅ አድጎም ከእናቱ ጋር ዕድሜውን ይጨርሳል። በቀን መቶ ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊዋኝ ይችላል። ከማንኩሳ ተነስቶ ደብረ ማርቆስ እንደመድረስ ቁጠሩት።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1970 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ፔን ኮቭ በተባለ የባሕር ወሽመጥ አዳኞች በጀልባና በፈንጂ እያስደነገጡ የኦርካ መንጋ ወደ መረብ ነዱ። ግልገሎቹን ከእናቶቻቸው ለይተው ሰባቱን ሸጡ። በመረቡ ተጠልፈው የሞቱም ነበሩ። ከተሸጡት አንዷ በኋላ "ሎሊታ" የተባለችው ናት። ወደ ማያሚ ተወሰደች። የገባችበት ገንዳ ርዝመቱ 24 ሜትር፣ ወርዱ 11 ሜትር ያህል ነበር፤ ሁለት አውቶቡስ ተከታትለው ቢቆሙ ማለት ነው። ጥልቀቱ ጥልቅ በሆነው ቦታ 6 ሜትር ነበር። እሷ ራሷ ስታድግ 6 ሜትር ገደማ ደረሰች። ቀጥ ብላ ብትቆም ጭራዋ ወለሉን ይነካል።

መጀመሪያ ሁጎ የሚባል ጓደኛ ነበራት። ሁጎ ራሱን ከገንዳው ግድግዳ ጋር የመምታት ልማድ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ሞተ። ከዚያ ወዲህ ሎሊታ ከአርባ ዓመት በላይ ከዘሯ አንድም ሳታይ ኖረች። ምግብ አልተቋረጠባትም። ሐኪም ነበራት። ሕዝብም ያጨበጭብላት ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ወደ ተወለደችበት ባሕር ልትመለስ ነው የሚል ዕቅድ ይፋ ሆነ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ሳትመለስ ሞተች። ሃምሳ ሦስት ዓመት በሁለት አውቶቡስ ልክ!

"ከእኛ የተሻለ ይኖራል" ያልነው ይህን ነው? እኛ መካከል ድሃ የሆነው፣ ቁርሱን የማያገኘው እንኳ ለጁሙዓ ወጥቶ ወንድሞቹን ይጨብጣል፣ እናቱን ይጠይቃል፣ መንገድ ይሄዳል። በወፏ ጫጩቶች ላይ የታዘዘው መመለስ በፔን ኮቭ ግልገሎች ላይ ቢታዘዝ ኖሮ ብለን እናስብ።

የቲሊኩምም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1983 ከአይስላንድ ባሕር የሁለት ዓመት ግልገል ሳለ ተያዘ። በካናዳ በነበረበት ቦታ ሴቶቹ ኦርካዎች እየነከሱ ያቆስሉት ነበር፤ በጠባብ ቦታ አብረው ስለሚያድሩ መሸሻ አልነበረውም። ዒዙዲን "ከሚጎዳው ጋር አይታጎርም" ያሉትን እዚህ ላይ አስታውሱ። ይኸው እንስሳ በተለያየ ጊዜ ለሦስት ሰዎች ሞት ምክንያት ሆነ፤ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2010 የሞተችው ልምድ ያላት አሰልጣኙ ናት። በዱር ያለ ኦርካ ሰው መግደሉ ተመዝግቦ አይታወቅም። ሰዎች ነገሩን መጠየቅ ጀመሩ፣ ስለ እሱ የተሠራው ዘጋቢ ፊልም ብዙ አገር ታየ፣ ትኬት የሚቆርጠው ሕዝብ ቀነሰ። በ2016 ያቆየው ድርጅት ኦርካ ማራባት እንደሚያቆም አስታወቀ። ሕንድ ቀደም ብላ በ2013 የዶልፊን ትርኢት ቤት እንዳይከፈት ከልክላ ነበር፤ ካናዳ ደግሞ በ2019 ዓሣ ነባሪና ዶልፊን ለትርኢት መያዝን በሕግ ከለከለች።

የሚነሱ ጥያቄዎች

"ሰው እየተራበ፣ አገር እየተቸገረ ስለ ዓሣ ታወራላችሁ?" የሚል ወንድም ይኖራል። ጥያቄው ያስከብረዋል እንጂ አያስነቅፈውም። ያለንበት ጊዜ ከባድ ነው። በየቤቱ ጭንቀት አለ። ነገር ግን ራሕመት እንደ ስኳር በኮታ የሚታደል አይደለም። ለድመት ያዘነ ልብ ለጎረቤት ልጅ የሚያዝነው አይቀንስበትም። አፍ የሌለውን ሲያሰቃይ ዝም ማለትን የለመደ ሰው ግን አፍ ያለውም ሲጮህ ዝም ማለት ይቀለዋል። ደግሞም የምንጠይቀው ገንዘብ አይደለም። አለመክፈልን፣ አለማጋራትን ነው የምንጠይቀው።

"ዘራቸው እንዳይጠፋ መያዝ የለባቸውም ወይ?" የሚለው ጠንካራ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ተመራማሪዎች የስድስት ኪሎ አንበሶችን ዘረ መል መርምረው ከሌሎች አንበሶች የተለየ መሆኑን አሳይተዋል፤ ይህ ዘር እንዲጠበቅም መክረዋል። ይህን እንቀበላለን። ነገር ግን ለዘሩ ብሎ መያዝና ለቲኬት ብሎ መያዝ አንድ አይደሉም። ለዘሩ የያዘ ሰው ግልገል ሲወለድለት ይደሰታል፤ ለቲኬት የያዘ ሰው ቦታ ስለሚጠበው ይጨነቃል። በዱር መጠበቅም ይቻላል። በራሳችን ክልል፣ በቋራ በኩል ሱዳን ድንበር ላይ ባለው አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሳ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ2016 በካሜራ ተረጋግጧል። እዚያ ማንም አይቀልባቸውም። ጫካው ከተጠበቀላቸው ይበቃቸዋል።

"የተጎዳውስ ይጣል?" አይጣልም። ከአዲስ አበባ በምዕራብ፣ በሆለታ መንገድ "እንስሳ ኮቴ" የሚባል ማዕከል አለ። ከሕገወጥ ነጋዴ እጅ የተያዙ፣ በየሰው ጓሮ በሰንሰለት ታስረው የተገኙ አንበሶችና አቦሸማኔዎች ወደዚያ ይወሰዳሉ። መመለስ የሚችለው ይመለሳል፤ ዱሩን ረስቶ መመለስ የማይችለው በሰፊ ግቢ ይኖራል። ትርኢት አይሠራም፣ አይዘልም፣ ለፎቶ አይጎተትም። ይህም መያዝ ነው፤ ግን መያዙ ለእንስሳው ነው።

"ልጆች አይተው ይማራሉ" የሚለውም አለ። ልጅ ከእንስሳ ይማራል፣ ልክ ነው። ግን ምን ይማራል? ትልቁን ፍጡር በትንሹ ቦታ አይቶ ካጨበጨበ የሚማረው ጉልበት ያለው የፈለገውን ማሰር እንደሚችል ነው። ነቢዩ ዩኑስን (ዐ.ሰ) በሆዱ ይዞ በአላህ ትእዛዝ ወደ ዳር ያደረሰውን የባሕር ፍጡር ታሪክ በቁርኣን ሒፍዝ ላይ ያሉ ልጆቻችን ሁሉ ያውቁታል። ያ ፍጡር በልጁ ልብ ውስጥ እንዲኖር የምንፈልገው በውቅያኖስ ጨለማ ውስጥ ለጌታው ታዛዥ ሆኖ ነው። በኳስና በፉጨት የሚሽከረከረውን ምስል በላዩ ላይ አንለጥፍበት።

በሙስሊም አገር የሆነ ነገር

አንዳንዱ "ይህ የፈረንጅ ክርክር ነው" ይላል። እስኪ ወደ ዱባይ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ2008 ክረምት ላይ አራት ሜትር ያህል የሆነ፣ በዓለም ካሉ ዓሦች ሁሉ የሚገዝፈው የሻርክ ዘር አንድ ግልገል ከባሕሩ ተወስዶ በአንድ ታላቅ ሆቴል የመስታወት ገንዳ ገባ። ሆቴሉ ጥልቀት በሌለው ውኃ ተቸግሮ አግኝተነው ነው አለ። "ሳሚ" የሚል ስም ወጣለት። ወራት አለፉ፣ ሳሚ አልተለቀቀም። የአገሩ ጋዜጣ ጻፈ፣ ነዋሪዎች "ይለቀቅ!" እያሉ ድምፃቸውን አሰሙ። አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ቆይቶ፣ በመጋቢት 2010 ተለቀቀ።

አቦሸማኔም እንዲሁ። ከእኛው ምሥራቅ አገር ግልገሎቹ ከእናታቸው እየተነጠቁ በሶማሌላንድ በኩል ወደ ባሕረ ሰላጤው ይሻገሩ ነበር፤ አሁንም ይህ ንግድ አልቆመም። ብዙዎቹ በመንገድ ላይ ይሞታሉ። የሚገዙት ሀብታሞች በመኪና ወንበር አስቀምጠው ፎቶ ይለጥፋሉ። ሙስሊም ሻጭ፣ ሙስሊም አሻጋሪ፣ ሙስሊም ገዢ ያለበት ንግድ ነውና ይህ ጉዳይ በቀጥታ የእኛ ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ በ2016 መጨረሻ አደገኛ የዱር እንስሳትን ግለሰብ በቤቱ እንዳይይዝ በሕግ ከልክላለች። ሕጉ ወጥቷል፤ ገበያውን የሚያደርቀው ግን "ላይክ" የማይሰጠው ሰው ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ድር ሲያብር የታሰረውንም ያስፈታል፤ ሳሚ ምስክር ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ባሕረ ሰላጤው ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች! የዕረፍት ቀናችሁ ጥቂት፣ ገንዘባችሁም የላብ ነው። መዝናናት መብታችሁ ነው። ነገር ግን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ይህ እንስሳ ከየት መጣ? ያለበት ቦታ ለተፈጥሮው ይበቃዋል? የተያዘው ለራሱ ጥቅም ነው ወይስ ለእኛ ሳቅ? መልሱ ካላማራችሁ ገንዘባችሁን ወደ ቤት ላኩት፣ ወይም ባሕሩን ራሱን ተመልከቱ፤ ባሕሩ በነፃ ነው።

ሁለተኛ፣ በስልካችን ላይ ያለነው ደግሞ የሰንሰለት አቦሸማኔና የገንዳ ዶልፊን ቪዲዮ ሲመጣ ማጋራቱን እንተው። የላከውን ወንድም አናዋርደው፣ በውስጥ መስመር በጥሩ ቃል እንንገረው።

ሦስተኛ፣ ቅርባችን ያለውን እንይ። በየከተማው በሆቴል ጓሮ ጦጣ በገመድ ታስሮ፣ ልጆች ሲወረውሩበት ማየት አዲስ አይደለም። የጋሪ ፈረስ ጀርባው ቆስሎ ሲጫን፣ አርጅቶ ሲደክም መንገድ ዳር ሲጣል እናያለን። ስለ ማያሚ ኦርካ አዝኖ በደጁ ስለቆሰለው ፈረስ ያላዘነ ሰው ሐዘኑ ለወሬ ነው። ባለጋሪውን አንጩኽበት፤ የዕለት እንጀራው ነው። ነገር ግን ጭነት እንዲቀንስ መለመን፣ ለቁስሉ መድኃኒት ማዋጣት የማንኩሳ ወጣት አቅም ነው።

አራተኛ፣ የመድረሳ ልጆችን ለጉብኝት የምትወስዱ ኡስታዞችና ወላጆች፣ ባሕር ዳር ላይ ጀልባ ተሳፍራችሁ ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት ውሰዷቸው። ጉማሬ ከውኃው ራሱን ብቅ ሊያደርግ ይችላል፣ ላያደርግም ይችላል። ቢወጣ ሱብሓነላህ ይላሉ። ባይወጣ ደግሞ የአላህ ፍጡር በእኛ ቀጠሮ እንደማይኖር ይማራሉ፤ ይህም ትልቅ ትምህርት ነው። በሱረቱል አንዓም አላህ (ሱ.ወ) የምድር ተንቀሳቃሾችንና የሰማይ በራሪዎችን እንደ እኛው ሕዝቦች አድርጎ እንደፈጠራቸው ነግሮናል። ሕዝብ ማለት የራሱ አገር፣ የራሱ ወገን፣ የራሱ መንገድ ያለው ማለት ነው።

ከዑለማዎች የተሻለ እውቀት ያላችሁ ብትጨምሩበት፣ ከሳትንም በደሊል ብታርሙን ደስ ይለናል። አላህ ከእጃችን በታች ላደረጋቸው ፍጡራን ሁሉ አዛኞች ያድርገን፤ እኛንም የሚያዝንልን ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።